እስከ ፈይፋ ግርጌ

ከጥንት ቀይ ባሕርን ከተሻገሩት አንዷ ቡና ናት። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ጥላ ሥር የበቀለችው ዛፍ የመን ደርሳ፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት የሱፊ ሼኾች ሌሊቱን በዚክር ለማደር የሚጠጧት ሆነች። የየመን ገበሬ ገደሉን በድንጋይ እርከን እየካበ ተከላት፤ የሞካ ወደብም ስሙን በእርሷ አስጠራ። እርከኑ ግን በየመን አልቆመም። ተራራው ወደ ሰሜን እስከሄደበት ድረስ አብሮት ሄዶ፣ ዛሬ የሳውዲ ዓረቢያ የጂዛን ግዛት በሚባለው ምድር፣ በፈይፋና በበኒ ማሊክ ተራሮች ላይ እንደ ደረጃ ተደርድሮ እስካሁን አለ።

ፈይፋን በሩቁ ያየ የወሎ ሰው አገሩን ያየ ይመስለዋል። ጂዛን ከተማ በባሕሩ ዳር ናት። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ በአቡ አሪሽ በኩል ሲጓዙ ምድሩ ቲሃማ የሚሉት ሜዳ ነው፤ ወበቅ፣ አሸዋ፣ ማሽላ፣ የማንጎ እርሻ። ከዚያ ምድሩ ድንገት ይነሣል። ተራራው ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይለብሳል፤ ክብ የድንጋይ ቤቶች በየእርከኑ ጫፍ እንደ ማማ ቆመዋል። ከተራሮቹ ማዶ የየመኑ የሰዓዳ ግዛት ነው። በመካከል ባለው ሸለቆና በተራሮቹ ግርጌ ባለፉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በእግራቸው ደርሰው ሰፍረዋል።

ወደዚያ ግርጌ ማን ማን እንደሄደና ምን እንደወሰደው ከጥንቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያው ባሕር ሰውም ተሻገረ፤ በፈቃዱ ግን አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ ልጆች በሸዋና በአውሳ በኩል በእግራቸው ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ከታጁራ በጀልባ ወደ የመን ጠረፍ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን፣ እስከ ጂዳና መካ ገበያ ድረስ ይወሰዱ ነበር። ሳውዲ ዓረቢያ ባርነትን በሕግ የከለከለችው በ1962 ነው። መንገዱን ልብ ይሏል፦ ከደጋው ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ታጁራ መውጣት። ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በኋላ የወሎዎቹ የባቲና የሐይቅ ከተሞች ልጆች የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

በዚያን ዘመን ተራራው ድንበር አያውቅም ነበር። ፈይፋ፣ በኒ ማሊክ፣ ራዚህና ሙነቢህ የሚባሉት ነገዶች ሁሉም ኸውላን ከሚባለው አንድ ኅብረት የተገኙ ናቸው፤ ይጋባሉ፣ ይካሰሳሉ፣ አንዱ ከሌላው ገበያ ይወርዳል። በቆላው፣ በሰብያ ከተማ፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሙሐመድ አል ኢድሪሲ የራሱን ኢማራ፣ ማለትም አነስተኛ መንግሥት፣ አቁሞ ነበር። ከእርሱ በኋላ ኢማራው ተዳከመ፤ በ1926 በሳውዲው ንጉሥ በኢብን ሳዑድ ጥበቃ ሥር ገባ፤ በ1930 ጨርሶ ተጠቃለለ። የየመኑ ኢማም ይህን አልተቀበለም። በ1934 ሳውዲና የመን ተዋጉ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የጣኢፍ ውል ተፈርሞ ጦርነቱ ቆመ። ፈይፋና በኒ ማሊክ ለሳውዲ፣ ራዚህና ሙነቢህ ለየመን ሆኑ። ወንድማማች ነገዶች ከሁለት መንግሥት አደሩ።

መስመሩ በወረቀት ላይ ነበር፤ መሬት ላይ ማውረድ ሌላ ሥራ ሆነ። ኮሚሽነሮች በድንጋይ ክምር ምልክት እያደረጉ ተራራ ለተራራ ሄዱ። በ1936 ሴንት ጆን ፊልቢ፣ ሰልሞ በንጉሥ ኢብን ሳዑድ ዘንድ የተወደደው እንግሊዛዊ፣ ያንኑ ድንበር ተከትሎ ካርታ ሠራ። ዘገባው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1952 ነው። ፊልቢ ወደዚህ ተራራ ግርጌ የሄደው መስመሩ የት እንደሚያልፍ ለማወቅ ነው። ኋላ የሚመጡት ሰዎች ሁሉ ዕጣ በዚያ መስመር ተወሰነ።

በዚያው በ1934፣ ከባሕሩ ወዲህ ማዶ፣ ሌላ እንግሊዛዊ በእግሩ ሲጓዝ ነበር። ዊልፍሬድ ቴሲጀር አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ በ1910 የተወለደ፣ የልጅነቱን ዓመታት በእንጦጦ ሥር ያሳለፈ፣ በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ተጋብዞ የመጣ ሰው ነው። የ23 ዓመት ወጣት ሳለ የአዋሽ ወንዝ ወዴት እንደሚጠፋ ለማየት ተነሣ። በአፋር በረሃ፣ በአውሳ በኩል ተጉዞ ወንዙ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር አየ፤ ከዚያ ታጁራ ወጣ። ግመልና የታጠቀ አጃቢ ነበረው፤ ከሡልጣኑም ፈቃድ አግኝቷል። ለምን ሄደ ቢሉ፣ ወንዙን ለማየት ነው። ዓለምም ይህን መልስ በቂ ብሎ ተቀበለው፤ ጂኦግራፈሮች አከበሩት።

ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ቴሲጀር ባሕሩን ተሻግሮ ጂዛን ደረሰ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የመካከለኛው ምሥራቅ ፀረ አንበጣ ድርጅት ቀጥሮት የበረሃ አንበጣ የሚፈለፈልባቸውን ሥፍራዎች ይፈልግ ነበር። በቲሃማ ሜዳ የሣር ክዳን ያላቸው ክብ ጎጆዎችን፣ በጸጉራቸው ላይ አበባና ጥሩ መዓዛ ያለው ቅጠል የሚሰኩ ወንዶችን አየ፤ ከዚያ ወደ ደጋው ወጣ። የእርሱን ጉዞ ከወዲህ ማዶና ከወዲያ ማዶ አንድ ላይ ቢያጋጥሙት፣ ከአዋሽ እስከ ታጁራ፣ ከዚያም ከጂዛን ሜዳ እስከ ተራራው ድረስ፣ ዛሬ የወሎ ወጣት ከሚሄድበት መንገድ ብዙው ክፍል ይወጣል። ልዩነቱ ቴሲጀር በሁለቱም በኩል ፈቃድ የነበረው መሆኑ ነው።

ነዳጁ መንገዱን ለወጠው። ከ1973 የዋጋ ንረት በኋላ ሳውዲ መንገድና ከተማ መሥራት ስትጀምር ጉልበቱን በብዛት ያቀረበችው የመን ናት። የመናዊ ሠራተኛ እንደ ሌላው የውጭ ሰው አሠሪ ዋስ፣ ማለትም ከፊል፣ አያስፈልገውም ነበር፤ እንደ ጎረቤት ይገባና ይወጣ ነበር። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የመን ከሳውዲ ጎን አልቆመችምና ያ መብት ተነሣ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመናውያን ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው በድንበሯ ከተማ በሃረድ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። የጂዛን ፍየልና በግ ግን ጠባቂ ይፈልጋል፤ እርከኑም የሚጠግነው እጅ ይፈልጋል።

በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በሩ የተከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ማግኘት የዕድለኛ ነገር ነበር፤ የከተማው ሰው በቦሌ ወይም በባሌ ይል የነበረው ያኔ ነው። ከ1991 በኋላ ቦሌ ለብዙው ክፍት ሆነ። የደቡብ ወሎ ሰዎች በኡምራ ቪዛ ገብተው ይቀሩ ጀመር። በ1998 የግል አገናኝ ድርጅቶችን የሚፈቅድ አዋጅ ወጣ። አዋጁ በተግባር የጠቀመው ግን በብዛት ሴቶችን ነው፤ የሳውዲ ቤት የሚፈልገው የቤት ሠራተኛ ነበርና። እህት በቦሌ ትሄዳለች። ወንድም ግን ሕጋዊው በር አልጠበቀውም። እረኝነትና የቀን ሥራ እንዳለ ሁሉ ያውቃል፤ ቪዛ የሚሰጥበት ግን የለም። ወንዶቹ በእግራቸው የሄዱበት ዋናው ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ድህነቱማ ሁሉም ዘንድ አለ። በተሁለደሬ፣ በወረባቦ፣ በቃሉ ወረዳዎች መሬቱ ለአባትየው እንኳ አልበቃም፤ ለአራት ልጅ የሚካፈል ነገር የለም። ጎረቤት ያለው ቤት በአዲስ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ፣ ገንዘቡ የመጣው ጂዛን በረት ከሚጠብቅ ልጅ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ልጅ ወዴት እንደሚመለከት ማንም ይገምታል።

በ2000 ሳውዲና የመን ድንበራቸውን እንደገና በጂዳ ውል አጸኑ። በውሉ ውስጥ አንድ ደግ አንቀጽ አለ፦ የሁለቱ አገር እረኞች እንደ ልማዳቸው ድንበሩን እየተሻገሩ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ መንጋቸውን እንዲያግጡና ውኃ እንዲያጠጡ ይፈቅዳል። የተራራው ሰው አኗኗር እንዳይበጠስ የታሰበ ነው። ያን መንጋ የሚጠብቀው እረኛ ግን ብዙ ጊዜ ሐበሻ ነው፤ አንቀጹም እርሱን አያውቀውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳውዲ በድንበሩ ላይ አጥር መሥራት ጀመረች፤ የመን ስትቃወም ለጊዜው ቆመ።

ከዚያ ቁጥሩ መናር ጀመረ። እስከ 2008 ድረስ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው በብዛት ሶማሌ ነበር፤ ከ2009 ጀምሮ ኢትዮጵያዊው በለጠ። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን 107,000 ሰው መሻገሩን መዘገበ፤ አብላጫው ኢትዮጵያዊ ነው። ጉዞው ያኔ የሚያበቃው በሃረድ ነበር። ሃረድ በቲሃማ ሜዳ ላይ ያለች የየመን ድንበር ከተማ ናት፤ ከማዶዋ የሳውዲው ጠዋል ኬላና ሳምጣ አሉ። ሜዳ ነውና መንገዱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ያው ሜዳ ለዘበኛውም ክፍት ነው። በኅዳር 2009 ሳውዲ ከሰሜን የመን አማፂዎች ከሑሲዎች ጋር በዱኻን ተራራ ላይ ስትዋጋ የድንበሩን መንደሮች ነዋሪ አስወጣች። ተጓዡ በሃረድ ታገደ። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት ማዕከል ከፈተ፤ በዙሪያው በዛፍና በካርቶን ጥላ ሥር የሚያድሩ ሺዎች ሆኑ።

በሃረድ ዙሪያ የተነሣውን ነገር መናገር ይከብዳል፤ መዝለልም አይገባም። አጋቾች ከጀልባ የወረዱትን ሰዎች በግንብ በታጠረ ግቢ እየዘጉ፣ ስልክ እየሰጡ፣ ከቤተሰባቸው ገንዘብ እስኪላክ ድረስ ያሰቃዩዋቸው ጀመር። ግቢውን ሆሽ ይሉታል። ተጓዦቹ አጋቹን የሚጠሩት በአንድ የወል ስም ነው፦ አብዱልቃዊ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ እነዚህን ግቢዎች የማሰቃያ ካምፖች ብሏቸዋል። በወሎ ገጠር ስልክ ሲጮህ የሚደነግጥ አባት የበዛው፣ በሬና መሬት የተሸጠው፣ ከጎረቤትና ከዕድር የተበደረው በዚህ ጊዜ ነው።

በ2013 ሳውዲ ፈቃድ የሌለው ሁሉ እንዲወጣ የሰጠችው ቀነ ገደብ አለቀና አፈሳው ተጀመረ። በሪያድ መንፉሓ ሠፈር ደም ፈሰሰ። በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ቦሌ ወረዱ፤ ብዙዎቹ በነጠላ ጫማና በአንድ ፌስታል። የኢትዮጵያ መንግሥትም ሥራ ፍለጋ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። እገዳው ሰው ለማዳን የታሰበ ነበር፤ ሆኖም ሕጋዊው መንገድ እስከ 2018 ተዘግቶ ቆየ፤ ፍላጎቱ ግን ከወዲያም ከወዲህም አልቆመም። ከተመለሱት ብዙዎች ከርመው እንደገና ወጡ፤ አሁን እህትም ከወንድም ጋር በባሕር።

ከዚያ የየመኑ ጦርነት መጣ፤ መንገዱንም ከሜዳ ወደ ተራራ ያዞረው እርሱ ነው።

በመጋቢት 2015 በሳውዲ የሚመራው ጥምረት የመንን መደብደብ ጀመረ። ሃረድ የውጊያ መስመር ሆና ፈረሰች፤ ኬላው ተዘጋ፤ የሜዳው ድንበር ፈንጂ ተቀበረበት። ደላላው መንገዱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰዓዳ ደጋ አዞረ። ሙነቢህ በሚባለው ወረዳ፣ ከበኒ ማሊክ ተራሮች ፊት ለፊት፣ ሸለቆ ውስጥ ሠፈሮች ተቆረቆሩ። አንዱ ጋር ይባላል፤ በዓረብኛ ዋሻ ማለት ነው። ሌሎቹ ረቁና ሳቢት ናቸው። ረቁ ከፊትም የኮንትሮባንድ ገበያ ነበር፤ በሳውዲ የተከለከለው ጫት በሌሊት በሰው ጀርባ የሚወጣው ከዚያ ነው። የመሻገሪያ ገንዘብ የሌለው ሰው ጫት ተሸክሞ ይወጣል፤ ከተያዘ የሚጠብቀው ረጅም እስራት ነው።

ተጓዡ እዚያ ለመድረስ ምን ያልፋል? ከባቲ ወይም ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ተሳፍሮ ሎጊያ ይወርዳል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነውና ሰው ከሰው አይለይም። ከሎጊያ ወደ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ ገብቶ በዲኪል በኩል ወደ ታጁራና ኦቦክ፣ ብዙውን በእግር። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ውኃ አልቆበት የቀረው መንገድ ዳር ድንጋይ ተከምሮበታል። በኦቦክ ጠረፍ ከቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ጀልባ ይጠብቃል። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሰው ተጨናንቆ በቆመበት ጀልባ ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዳል። የሚያርፈው በላሕጅ ግዛት ራስ አል ዓራ ነው፤ ሆሾቹም እዚያ ተዛውረዋል። ሌላው ወገን በሐርጌሳ አድርጎ ከቦሳሶ ይሻገራል። ከዚያ በየመን ምድር ዳሊዕን፣ ረዳዕን፣ ሰንዓን አልፎ ሰዓዳ። ጦርነቱ ሰውን ያስቀረዋል ተብሎ ነበር። ይልቁን በ2018 ወደ 160,000 ሰው ተሻገረ፤ በዚያ ዓመት ሜዲትራኒያንን አቋርጦ አውሮፓ ከገባው ይበልጣል። ዓለም ስለ ሜዲትራኒያን ሲያወራ ይህ መንገድ ብዙም አልተወራለትም።

የተራራ ግርጌ ሠፈር ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው ኤቨረስትን ነው። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ በ1953 ጫፉን ከረገጡ ወዲህ፣ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች 5,364 ሜትር ላይ እስካለው የኔፓል ሠፈር ድረስ ብቻ ለመድረስ ይሄዳሉ። ተራራውን አይወጡትም። አይተውት፣ ከሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ለምን ሲባሉ ራሳቸውን ለመፈተን፣ በሕይወት አንዴ ለማየት ይላሉ፤ ክቡር ምክንያት ነው። በረቁ የሚሰፍረው ወጣት የወጣትነቱ ጉጉት ከእነርሱ አያንስም፤ ከመንደሩ ሲነሣ ጓደኛው ስለሄደ፣ ዓለምን ለማየት፣ ወንድነቱን ለማሳየት የተነሣ ብዙ ነው። የሚለየው ግርጌው ላይ ሲደርስ መመለስ አለመቻሉ ነው። በኋላው ጦርነት፣ ዕዳና አብዱልቃዊ አሉ፤ በፊቱ ተራራው፣ ከተራራው ላይም ዘበኛው።

በ2020 ኮሮና መጣ። በሚያዝያ ወር የሑሲ ታጣቂዎች ጋር የሚባለውን ሠፈር ከበቡ፤ ሐበሾች በሽታ አምጪ ናቸው ብለው እየተኮሱ ወደ ድንበሩ ነዷቸው። ከወዲያ የሳውዲ ዘበኞች ተኮሱባቸው። በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው አለቀ። የተረፉት ያለ ምግብ በተራራው ላይ ቀናት ካሳለፉ በኋላ ሳውዲ አስገብታ በዳዪር ከተማ እስር ቤት አኖረቻቸው፤ ከዚያም ብዙዎቹን ወደ ጂዛን ማዕከላዊ እስር ቤት ወሰደች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ሙቀት ተጨናንቀው ከረሙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የዚያን ዓመት ዘገባውን ያጠናቀረው ከእነዚህ እስረኞች በስልክ በሰማው ነው። የጂዛን ስም በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር ቤት የእስር ቤት ስም ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሠፈሩ ግን ከጋር ወደ ረቁና ሳቢት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት አዲስ ተጓዥ ጨመረበት፤ ከትግራይ፣ ከራያ፣ ከሰሜን ወሎ። ሴቶችም በረከቱ። በጥቅምና በፍርሃት የተነሣው ሰው በአንድ መንገድ ተገናኘ።

2022 በሳውዲ ዓረቢያ የሳውዲ ቡና ዓመት ተብሎ ታወጀ። በጂዛን ተራሮች ለጫት የዋለው እርከን ወደ ቡና እንዲመለስ መንግሥት ገንዘብና ችግኝ ሰጠ፤ ኸውላኒ የሚሉት ቡና በየፌስቲቫሉ ተሞገሰ። በዚያው ዓመት በኅዳር፣ ዩኔስኮ ራባት ላይ ተሰብስቦ የኸውላኒን ቡና የማልማት ዕውቀትና ልማድ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ለገበሬው የሚገባ ክብር ነው። ለብዙ ምዕተ ዓመታት ገደል ላይ አፈር ይዞ መኖር ቀላል አይደለም፤ የበኒ ማሊክና የፈይፋ ሽማግሌዎች ያን ዕውቀት ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል።

ከእርከኑ ማዶ፣ በዚያው ዓመት፣ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች ለሳውዲ መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት አራት ወራት ብቻ በድንበሩ ላይ 430 ያህል ተጓዦች በሳውዲ ኃይሎች ተኩስ እንደተገደሉ፣ 650 እንደቆሰሉ የሚገልጽ ክስ እንደደረሳቸው ገልጸው መልስ ጠየቁ። በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገባውን አወጣ። 42 ሰዎችን አነጋግሯል፤ አብዛኞቹ ለመሻገር የሞከሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ድረስ በትንሹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገድለዋል አለ። ተጓዦቹ በቡድን፣ አንዳንዴም በመቶዎች ሆነው በሌሊት ሲወጡ ሞርታርና ሌላ ከባድ መሣሪያ እንደተተኮሰባቸው፣ ከተኩሱ የተረፉትንም ዘበኞች በቅርብ ርቀት እንደተኮሱባቸው ተናገሩ። ድርጅቱ የሳተላይት ፎቶ አመሳክሮ በረቁ አጠገብ ያለው የመቃብር ቦታ ከወር ወር ሲሰፋ አሳየ። የሳቢት ሠፈር በ2023 ሚያዝያ ጠፍቶ ነበር። የሳውዲ መንግሥት ክሱ መሠረተ ቢስ ነው አለ። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳውዲ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ ጉዳዩን እንደሚመረምር አስታወቀ።

ስለ ተራራው ከሰሙ በኋላ ለምን ይሄዳሉ የሚል ጥያቄ በከተማ ይሰማል። ዘገባው ሲወጣ ተጓዡ ቀድሞ መንገድ ላይ ነበር። ያልተነሣውም ቢሆን የሚያውቀው የራሱን መንደር ቁጥር ነው፦ ከአሥር ልጆች ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ ቀረ። የደረሰው ገንዘብ ይልካል፤ በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ፊቱን ያሳያል፤ ከኋላው የፍየል መንጋና የፈይፋ ጭጋግ ይታያል። የቀረው ምንም አያሳይም። በዚህ ምክንያት ዓይን የሚያርፈው በደረሰው ላይ ነው፤ ወጣቶቹን ሞኞች ማለት ግፍ ነው።

ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት በ2023 ወደ 97,000፣ በ2024 ወደ 60,000 ሰው የመን መግባቱን መዘገበ። ቁጥሩ ቢቀንስም መንገዱ አልተዘጋም። ኢትዮጵያም ከሳውዲ እስር ቤቶች ዜጎቿን በየጊዜው በአውሮፕላን ትመልሳለች፤ ከ2017 ወዲህ የተመለሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በሚያዝያ 2025 አሜሪካ በየመን ላይ ባካሄደችው የአየር ድብደባ በሰዓዳ ያለ የስደተኞች ማቆያ ተመታ፤ በውስጡ የነበሩት አፍሪካውያን ናቸው፣ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን። የሑሲ ባለሥልጣናት 68 ሰው ሞቷል አሉ። እነዚያ ሰዎች ከተራራው አንድ ቀን መንገድ ያህል ቀርቷቸው ነበር። በክረምቱ ደግሞ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያን የጫነ ጀልባ በአብየን ጠረፍ ተገልብጦ ከ90 በላይ ሞቱ። የአብየን ሰዎች አስከሬኑን ከባሕሩ ዳር እየሰበሰቡ ቀበሩ።

በወሎ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤቱን ከበው፣ ዘመድ ከአጠገብ መኖሩን አረጋግጠው ይናገራሉ። የተራራው መርዶ እንዲህ አይመጣም። በስልክ ነው፤ ከልጁ ጋር አብሮ የወጣ ሰው ድምፅ፣ አንዳንዴም ከረቁ የደወለ የማይታወቅ ሰው። በዓይኔ አይቻለሁ የሚል አለ፤ ሌሊት ነበር፣ ተለያየን የሚልም አለ። ሁለተኛው ከሆነ እናቱ ለቅሶ አትቀመጥም። ጂዛን እስር ቤት ይሆናል ትላለች፤ ከሳውዲ የተመለሰ ሰው በሰማች ቁጥር የልጇን ፎቶ ይዛ ትሄዳለች። በሐይቅና በባቲ ገጠሮች ዱዓው እየተደረገ፣ ለቅሶው ሳይቀመጥ ዓመታት ያለፉባቸው ቤቶች አሉ።